ተራራ ወጥቶ ሳይመሽ መመለስ፦ ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

«መንገዱ 8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በሁለት ሰዓት እንደርሳለን።» ተራራ ላይ የሚመሽባቸው ሰዎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ሲሉ ነው። የሜዳ 8 ኪሎ ሜትርና የዳገት 8 ኪሎ ሜትር አንድ አይደሉም። ሰዓቱ ከተሳሳተ ደግሞ ሌላውም ተከትሎ ይበላሻል። ውሃው ያልቃል። የከሰዓት በኋላው ዝናብ አፋፍ ላይ ይደርስባችኋል። ቁልቁለቱን በደከመ ጉልበትና በጨለማ ትወርዱታላችሁ።

ይህ መመሪያ ፏፏቴ፣ ዋሻ፣ የተራራ ጫፍ ወይም የገደል አፋፍ አይተው በዚያው ቀን ለሚመለሱ ሰዎች ነው። በገመድ የሚወጣ ቋጥኝና በረዶ የለበሰ ተራራ የራሱ ሥልጠና ስላለው እዚህ አልገባም። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል ሥሩ። ደረጃ 2ን ግን በፍጹም አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ መድረሻውን ምረጡ፣ መንገዱን አጥኑ

*መጀመሪያ ማን እንደሚሄድ እወቁ*

የቡድን ፍጥነት የፈጣኑ ሰው ፍጥነት አይደለም፤ የዘገምተኛው ነው። ልጅ፣ አዛውንት ወይም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ መንገዱ የሚመረጠው ለእሱ ነው። «እየሄድን እናየዋለን» አያዋጣም። ግማሽ መንገድ ላይ ያቃተው ሰው ያንን ግማሽ በእግሩ መመለስ አለበት።

*ካርታውን አንብቡ*

የመሬቱን ከፍታ በመስመር የሚያሳይ ካርታ ክፈቱ። መስመሮቹ ሲጠጋጉ መሬቱ ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ሲራራቁ ለጥ ያለ ነው። ተጣብቀው አንድ ወፍራም መስመር ከመሰሉ ፊታችሁ ገደል አለ። ከካርታው ላይ እነዚህን ጻፉ፦

1. ርቀቱ በኪሎ ሜትር፣ ለመሄጃና ለመመለሻ ለየብቻ።
2. ጠቅላላ ዳገቱ በሜትር። የመነሻና የመድረሻ ከፍታ ልዩነት ብቻ አይበቃም። መንገዱ ሸለቆ ወርዶ እንደገና የሚወጣ ከሆነ የሁሉም ዳገት ድምር ነው የሚያስፈልጋችሁ።
3. ወንዝ የሚሻገርባቸውና መንገድ የሚከፈልባቸው ቦታዎች።

ካርታውን ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ጂፒኤስ የሚሠራው በሳተላይት ስለሆነ ኔትወርክ ባይኖርም የቆማችሁበትን ቦታ ያሳያል። ካርታው ካልወረደ ግን ባዶ ገጽ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ነው የምታዩት። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ሆናችሁ ዳታውንና ዋይፋዩን አጥፉ፤ ካርታውን ክፈቱ፤ እስከ መድረሻው ድረስ አጉልታችሁ እዩት። ብዙ ሰው የሚያወርደው የመነሻውን ከተማ ብቻ ነው፤ ተራራው ጋ ሲደርስ ካርታው ያልቅበታል።

*የአካባቢውን ሰው ጠይቁ፣ አጠያየቁን ግን እወቁበት*

«ሩቅ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ተራራው ላይ ላደገ ሰው ሁሉም ቅርብ ነው። ይልቅ እንዲህ ጠይቁ፦ «ከዚህ ሄዶ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» «ሰሞኑን ዘንቧል? ወንዙ ይሻገራል?» «መንገዱ ላይ የተናደ ቦታ አለ?» «የሚናከስ ውሻ አለ?» ቦታው ጥብቅ ስፍራ ወይም የግል ይዞታ ከሆነ ፈቃድና አስጎብኚ ግዴታ መሆን አለመሆኑን ቀድማችሁ አጣሩ። ግዴታ ባይሆንም መንገዱ በደንብ የማይታይ ከሆነ መንገድ መሪ ያዙ። ይህ ወጪ የሚቆጠብበት ቦታ አይደለም።

ደረጃ 2፦ ሰዓቱን አስሉ

ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ በ1892 ያስቀመጠው ስሌት ዛሬም ይሠራል። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት ያዙ። ከዚያ ላይ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ሌላ 1 ሰዓት ጨምሩ።

በቁጥር እንየው። መሄጃው 8 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 900 ሜትር ነው እንበል።

1. 8 ለ5 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ36 ደቂቃ።
2. 900 ለ600 ሲካፈል 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ።
3. ድምሩ 3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ።

ይህ ግን ሳያርፍ ለሚሄድ ብርቱ ሰው ነው። ለተራ ቡድን ቢያንስ ሲሶ ጨምሩበት፤ ወደ 4 ሰዓት ይጠጋል። ለመመለሻው 2 ሰዓት ተኩል ያዙ። ቁልቁለት ሁልጊዜ ፈጣን ነው ብላችሁ አታስቡ፤ ቀጥ ያለና ጠጠር የበዛበት ቁልቁለት ከዳገት ባልተናነሰ ጊዜ ይበላል። ቦታው ላይ ለመቆየት 1 ሰዓት ጨምሩ። ጠቅላላው 7 ሰዓት ተኩል ሆነ። መጀመሪያ ከተባለው «ሁለት ሰዓት» ጋር አስተያዩት።

*አሁን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ*

ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ላይ ከሆነ ከዚያ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ማለትም 10 ሰዓት ላይ መነሻችሁ ጋ ተመልሳችሁ ተገኙ። እነዚያ ሁለት ሰዓታት ትርፍ አይደሉም። ለወለምታ፣ ለተሳሳተ መታጠፊያና ለሞላ ወንዝ የተቀመጡ ናቸው። ከ10 ሰዓት ላይ 7 ሰዓት ተኩል ስትቀንሱ ከጠዋቱ 2፡30 ይመጣል። ከዚያ በኋላ ከተነሳችሁ ያን መድረሻ ተዉት።

2፡30 ግን የመጨረሻው ገደብ እንጂ ጥሩ መነሻ አይደለም። ተራራ ላይ ደመና የሚጠራቀመውና ነጎድጓድ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። 12፡30 ላይ ከተነሳችሁ 4፡30 ትደርሳላችሁ፤ 8 ሰዓት ላይ ጨርሳችኋል።

*የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ*

የመመሪያው ዋና ነገር ይህ ነው። መመለሻው 2 ሰዓት ተኩል ከፈጀና 10 ሰዓት ላይ መጨረስ ካለባችሁ፣ ከቀኑ 7፡30 ሲሆን የትም ብትሆኑ ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ሰዓቱን ከመነሳታችሁ በፊት ሁላችሁም ተስማሙበት። ቢያንስ ሁለት ስልክ ላይ አላርም ሙሉ።

አላርሙ ሲጮህ ፏፏቴው ድምፁ እየተሰማ ሊሆን ይችላል። «20 ደቂቃ ብቻ ነው የቀረን» የሚል ሰው አይጠፋም። ያ 20 ደቂቃ መሄጃ 20 ደቂቃ መመለሻ አለው፤ ፎቶውም ሌላ 20 ይጨምራል። አንድ ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ክርክሩን እዚያ አትጀምሩት። ውሳኔው የተወሰነው ጠዋት ሳትደክሙ በፊት ነው።

*ስሌቱ አልገጥም ካለ*፦ ፍጥነት ለመጨመር አታስቡ። መድረሻውን አሳጥሩ ወይም አንድ ሌሊት እዚያው አቅራቢያ አድራችሁ በጠዋት ተነሱ።

ደረጃ 3፦ ዕቃችሁን አዘጋጁ

*ልብስ*

በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። 900 ሜትር ስትወጡ በ6 ዲግሪ ገደማ ወረደ ማለት ነው፤ ንፋሱ ደግሞ ይጨምርበታል። አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ሦስት ስስ ነገር ደርቡ፦ ላብ ቶሎ የሚያደርቅ የውስጥ ልብስ፣ የሚያሞቅ ሹራብ፣ ዝናብና ንፋስ የሚከላከል ጃኬት። ሲሞቃችሁ አውልቁ፤ ስትቆሙ ብርዱ ሳይገባ ልበሱ። ጂንስ ተዉት። ጥጥ ሲረጥብ ውሃውን ይዞ ይቀራል፣ ይከብዳል፣ ያበርዳል።

*ጫማ*

መርገጫው ያልተላገ፣ እግራችሁ የለመደው ጫማ አድርጉ። አዲስ ጫማ ለተራራ አይመረቅም። የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ጥፍር እስኪጠቁር ያደርሳል። መንገድ ላይ እግራችሁ አንድ ቦታ ማቃጠል ሲጀምር በዚያችው ደቂቃ ቁሙ፤ ጫማውን አውልቃችሁ ፕላስተር ለጥፉበት። ውሃ ከቋጠረ በኋላ የሚደረግ ነገር ትንሽ ነው።

*ቦርሳ ውስጥ የሚገባ*

1. ውሃ። በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል አስቡ፤ ለዚህ ጉዞ ከ3 ሊትር በላይ ነው። መንገድ ላይ ምንጭ ካለ የውሃ ማከሚያ ክኒን ወይም ማጣሪያ ያዙ።
2. እያረፋችሁ የምትቀማምሱት ምግብ፣ ለአንድ ተጨማሪ ጊዜ ከሚበቃ ትርፍ ጋር።
3. ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ከትርፍ ድንጋይ ጋር። ለቀን ጉዞም ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው።
4. ፊሽካ። ድምፃችሁ በጩኸት ቶሎ ይዘጋል፤ ፊሽካ ግን ሲነፋ ቢውል አይዘጋም።
5. ፓወር ባንክና ገመዱ።
6. የመጀመሪያ እርዳታ፦ ፕላስተር፣ የሚለጠጥ ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ማስታገሻ፣ ኦ.አር.ኤስ፣ እንዲሁም በየግላችሁ የምትወስዱት መድኃኒት።
7. ቀላሉ የአደጋ ጊዜ ብርድ ልብስ፣ ያ እንደ ብር የሚያብለጨልጨው።
8. ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት። በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ብርድ ቢሆንም ያቃጥላል።

ደረቅ ቅያሪ ሹራብና ካልሲ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ክተቱ። ቦርሳው «ውሃ አያስገባም» የተባለ ቢሆንም አስሩት። ከባዱን ነገር ወደ ጀርባችሁ አስጠጉ፤ የዝናብ ጃኬቱን ከሁሉም በላይ አድርጉ። ዝናብ ሲጀምር ቦርሳ መበርበር የለባችሁም።

ደረጃ 4፦ መልእክት ትታችሁ ሂዱ

ለማይሄድ አንድ ሰው ይህን በጽሑፍ ላኩለት፦ ማን ማን እንደሚሄድ፣ በየትኛው መንገድ፣ ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ፣ ስንት ሰዓት ድረስ ካልደወላችሁ ለማን እንደሚደውል። የመጨረሻው ነገር በጣም ይረሳል። «ከቆየን አስቡን» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ሰዓትና ስልክ ቁጥር ስጡት። መንገድ ላይ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ ሌላ ቦታ መሄድ ካማራችሁ፣ ለዚህ ሰው ሳትነግሩ አትሂዱ።

ደረጃ 5፦ መነሻው ላይ

1. ሰማዩንና የአየር ትንበያውን እዩ። ነጎድጓድ ከተባለ አፋፍና ጫፍ ላይ አትውጡ፤ ዝቅተኛውን መንገድ ምረጡ።
2. እያንዳንዱ ሰው ባትሪውን አብርቶ ያሳይ። «አለኝ» ማለት አይበቃም።
3. ስልኮቹን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉ። ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ቻርጁን ቶሎ ይጨርሳል። በአብዛኞቹ ስልኮች ጂፒኤሱ እንደዚያም ሆኖ ይሠራል። ሲበርድ ባትሪ ስለሚደክም ስልኩን ከውስጥ ኪስ አስገቡት።
4. ዘገምተኛውን ከፊት አስቀድሙ፣ መንገዱን የሚያውቅ ጠንካራ ሰው መጨረሻ ላይ ይሁን። ማንም ከመጨረሻው ሰው ኋላ አይቀርም።
5. የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ሆን ብላችሁ ዝግ በሉ። እየሄዳችሁ ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል።

*መንገድ በተከፈለ ቁጥር*

መታጠፊያ ላይ ሁሉም ሰው እስኪደርስ ጠብቁ። ከዚያ ዞራችሁ የመጣችሁበትን መንገድ እዩ፤ ወደ ኋላ ፎቶ አንሱት። መንገድ ሲሄዱትና ሲመለሱበት መልኩ አንድ አይደለም። ጠዋት ከአንድ ትልቅ ዛፍ በግራ አልፋችሁ የወጣችሁበት ቀጭን መንገድ፣ ስትመለሱ ከሰፊው የከብት መንገድ ጎን ተሸሽጎ አይታይም። ሰፊው ይስባችኋል፤ የሚወስዳችሁ ግን ወደ ሌላ ሸለቆ ነው። ያች ፎቶ ከካርታው በላይ የምትጠቅምበት ጊዜ አለ።

*ከአንድ ሰዓት በኋላ መዝኑ*

ካርታው ላይ የት ልትደርሱ አስባችሁ ነበር? የት ደረሳችሁ? ገና በመጀመሪያው ሰዓት በሩብ ወደ ኋላ ከቀራችሁ ቀኑን ሙሉ እየባሰ እንጂ እየተሻለ አይሄድም። መድረሻውን እዚያው ቀይሩ።

ደረጃ 6፦ ዳገት፣ ቁልቁለት፣ ወንዝ

*ዳገት*፦ እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ሙሉ እግራችሁን አሳርፉ። በየሰዓቱ 5 ደቂቃ ያህል እረፉ፤ ብዙ ከተቀመጣችሁ ሰውነት ይቀዘቅዛል። ሳይጠማችሁ ተጎንጩ። ልቅ ድንጋይ ያለበት ቦታ አንዱ ከሌላው በታች አይሁን። ድንጋይ ከተንከባለለ «ድንጋይ!» ብላችሁ ጩኹ፤ ለማን እንደሚሄድ እያያችሁ ጊዜ አታጥፉ። እየተጠማዘዘ የሚወጣውን መንገድ በአቋራጭ አትቁረጡት፤ አቋራጩ አፈሩን ይሸረሽራል፣ ድንጋዩንም ከበታች ባለው ሰው ላይ ይለቅቃል።

*ቁልቁለት*፦ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፤ አትሩጡ። የጫማ ማሰሪያችሁን ከመውረዳችሁ በፊት ቁርጭምጭሚት ጋ አጥብቁ። እርጥብ ሥርና አረንጓዴ የለበሰ ድንጋይ ላይ አትርገጡ። ምርኩዝ ከጉልበት ላይ ብዙ ጫና ያነሳል።

*ወንዝ*፦ ለመሻገር የምትቸኩሉበት ምንም ምክንያት የለም። መጀመሪያ ቆማችሁ ከታች በኩል ምን እንዳለ እዩ። ፏፏቴ ወይም የተጋደመ ግንድ ካለ እዚያ አትግቡ። እንጨት ወርውሩ፤ ከእናንተ እርምጃ በላይ ከፈጠነ ወይም ውሃው ከጉልበት ካለፈ ተመለሱ። የሚሻገር ከሆነ፦

1. ጠባቡን ሳይሆን ሰፊውን ቦታ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ጥልቀቱ ያነሰው እሱ ነው።
2. የቦርሳችሁን የወገብና የደረት ማሰሪያ ፍቱ። ብትወድቁ ቦርሳው ይዟችሁ እንዳይሄድ።
3. ጫማችሁን አታውልቁ።
4. ፊታችሁን ውሃው ወደሚመጣበት አዙሩ፤ ምርኩዙን ተክላችሁ በጎን፣ አንድ አንድ እግር እያነሳችሁ ሂዱ።

እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጠርቶ ከላይ ሊዘንብ ይችላል። ጥርት ያለው ውሃ በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ ወይም ድምፁ ከተለወጠ ዕቃ ለመሰብሰብ እንኳ አትቆዩ፤ ወዲያው ወደ ከፍታ ውጡ። ጠዋት ቁርጭምጭሚት የነበረ ወንዝ ከሰዓት በኋላ ወገብ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ከሞላ ጠብቁት። የድንገተኛ ዝናብ ሙላት ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

ደረጃ 7፦ ቦታው ላይ

*አፋፍ*፦ ዳር ላይ ያለው ሣር ሁልጊዜ ከሥሩ መሬት አለው ማለት አይደለም። ከላይ ድፍን የሚመስለው አፈር ከሥሩ ተቦርቡሮ ሊሆን ይችላል። ከጠርዙ ራቁ። የግድ ማየት ካለባችሁ በደረታችሁ ተኝታችሁ እዩ፤ እግራችሁን የሚይዝ ሰው ይኑር። ፎቶ የምታነሱ ከሆነ መጀመሪያ ቁሙ፣ ከዚያ ስክሪኑን እዩ። ስክሪን እያዩ አንዲት እርምጃ እንኳ ወደ ኋላ አትሂዱ። «ትንሽ ወደ ኋላ በል» የሚል ቃል አፋፍ ላይ ከማንም አፍ መውጣት የለበትም።

*ፏፏቴ*፦ ከላይ በኩል ወደ ውሃው አትጠጉ፤ የረጠበው ድንጋይ ያንሸራትታል፣ የምትይዙትም ነገር የለም። ከታች ያለው ኩሬ ውስጥ ዘላችሁ አትግቡ። ጥልቀቱ አይታወቅም፣ ከሥር ድንጋይ አለ፣ ቅዝቃዜውም ትንፋሽ ይቆርጣል።

*ዋሻ*፦ የቀን ብርሃን እስከሚደርስበት ብቻ ግቡ። ከዚያ በላይ ያለ አስጎብኚ አትሂዱ።

እንስሳትን አትመግቡ፤ በእናትና በልጇ መካከል አትግቡ። ቆሻሻችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። መጸዳዳት ካስፈለገ ከውሃ ቢያንስ 60 ሜትር ርቃችሁ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ቅበሩ። ከታች ያንን ውሃ የሚጠጡ ሰዎች አሉ።

ደረጃ 8፦ ነገር ሲበላሽ

*መንገዱ ከጠፋችሁ*

1. ቁሙ። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ። ለ10 ደቂቃ ማንም አይንቀሳቀስ። ሰው ይበልጥ የሚጠፋው መጥፋቱን ካወቀ በኋላ በሚሮጠው ሩጫ ነው።
2. «በእርግጠኝነት የምናውቀው የመጨረሻ ቦታ የት ነው?» ብላችሁ ተጠያየቁ። ካርታውንና የመታጠፊያ ፎቶዎቹን እዩ።
3. የመጣችሁበትን መንገድ ካወቃችሁት በእሱው ወደዚያ ቦታ ተመለሱ። አቋራጭ አትሞክሩ። አትከፋፈሉ።
4. ጅረት ተከትላችሁ አትውረዱ። ጅረት ወደ መንደር ያደርሳል የሚባለውን አትመኑ፤ ተራራ ላይ መጀመሪያ የሚያደርሰው ገደልና ፏፏቴ ላይ ነው።
5. ጉም ከሸፈናችሁ እስኪገለጥ ጠብቁ።
6. ካልተገኘ ከንፋስ በተከለለ፣ ከላይ በሚታይ ቦታ ቆዩ። ፊሽካ በደቂቃ ውስጥ 6 ጊዜ ንፉ፤ አንድ ደቂቃ ዝም በሉ፤ ድገሙ። ተራራ ላይ ዓለም አቀፉ የድረሱልኝ ምልክት ይህ ነው። ማታ በባትሪ እንዲሁ 6 ጊዜ አብሩ። የሰማችሁ ሰው በደቂቃ 3 ጊዜ ይመልሳል።

*ነጎድጓድ ከመጣ*

ብልጭታውን አይታችሁ ድምፁ እስኪሰማ ቁጠሩ። 3 ሰከንድ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ ካነሰ አደጋ ውስጥ ናችሁ። ከጫፉና ከሸንተረሩ ውረዱ። ብቻውን ከቆመ ዛፍ፣ ከውሃ፣ ከዋሻ አፍና ጎድጎድ ካለ ቋጥኝ ሥር ራቁ። ተራርቃችሁ ሁኑ፤ አንድ መብረቅ ሁሉንም እንዳያገኝ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ወደ ላይ አትመለሱ።

*ብርድ የገባበት ሰው*

መንቀጥቀጥ፣ መንገዳገድ፣ ምላስ መተሳሰር፣ «ተዉኝ ልተኛ» ማለት ምልክቶቹ ናቸው። እርጥቡን አውልቁለት፤ ያንን የደረቀ ቅያሪ አልብሱት። መሬቱ እንዳይነካው ቦርሳ ወይም ልብስ ከሥሩ አንጥፉ፣ በብርድ ልብሱ ጠቅልሉት። በደንብ ነቅቶ የሚውጥ ከሆነ ጣፋጭ ነገር ስጡት። አልኮል አይሰጥም፤ እጅና እግሩም አይታሽም።

*ወለምታ*

አራት እርምጃ መራመድ ከቻለ ፋሻውን ከጫማው ጋር አጥብቃችሁ፣ ሸክሙን ተካፍላችሁ በዝግታ ውረዱ። ካልቻለ አጥንት እንደተሰበረ ቁጠሩት፤ በእንጨት ደግፋችሁ እሰሩትና እርዳታ ጥሩ። ሁለት ሰው ይሂድ፣ አንድ ሰው አብሮት ይቅር። ለሦስት ሰው የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ በአራት መሄድ የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

*እባብ ከነደፈ*

ከእባቡ ራቁ፤ አታሳድዱት። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንዳይንቀሳቀስ ደግፉ፤ ሰውየው ራሱ ባይሄድ ይመረጣል። መብጣት፣ በአፍ መምጠጥና አጥብቆ ማሰር ይጎዳል። በፍጥነት ወደ ሆስፒታል።

*የከፍታ ሕመም*

ከ2,500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ማዞር ከመጣ ሌላ ምክንያት አትፈልጉለት። ከዚያ በላይ አትውጡ። እረፍት አድርጎ ካልተሻለው ይውረድ። ሰውየው ግራ ከተጋባ፣ ተረከዙን ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገጣጠመ ቀጥ ብሎ መሄድ ካቃተው ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው አሁኑኑ መውረድ አለበት፤ ብቻውን ግን አይደለም። ጉልበተኛነት ከዚህ አያድንም። ስፖርተኛውም ይታመማል፤ እንዲያውም ስለሚፈጥን ሳያስበው ከፍ ብሎ ይገኛል። ላይ የምታድሩ ከሆነ ከ3,000 ሜትር በኋላ የመኝታችሁን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ።

*ውሃ ካለቀ*

የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። የደፈረሰ ከሆነ በጨርቅ አጥሉት። አፍሉት፦ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ 3 ደቂቃ። ክኒን ከጨመራችሁ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ሳትቆርጡ ጠብቁ።

*እየመሸ ከሆነ*

ክንዳችሁን ዘርግታችሁ እጃችሁን በፀሐይዋና በአድማስ መካከል ለኩ። አንድ ጣት ወደ 15 ደቂቃ ነው፤ አራት ጣት አንድ ሰዓት። ከፊታችሁ ተራራ ካለ ግን ፀሐይዋ ቀድማ ትሸሸጋለች፤ ሸለቆ ውስጥ ቶሎ ይጨልማል። ባትሪውን ሳይጨልም እሰሩ፤ ጨለማ ውስጥ ቦርሳ መበርበር ዕቃ ያስጥላል። ትንሽ ብሉ፣ ተጠጋግታችሁ ሂዱ። በስልክ መብራት ብቻ ከሆነ አንድ አንዱን ስልክ በየተራ አብሩ፤ አንዱን ለመደወያ አስቀሩ። ከፊታችሁ ገደል ወይም ወንዝ ካለና በቂ ብርሃን ከሌለ አትቀጥሉ። ያላችሁን ሁሉ ልበሱ፣ ተጠጋጉ፣ እዚያው እደሩ። ብርድ ያለበት ሌሊት ያልፋል።

ደረጃ 9፦ ከተመለሳችሁ በኋላ

መልእክት ለተዋችሁለት ሰው ወዲያው ደውሉ። ይህን ረስተው የተኙ ሰዎችን ለመፈለግ ሌሎች በጨለማ ተራራ ይወጣሉ።

ሰውነታችሁን፣ በተለይ ብብትና ጉልበት መታጠፊያ አካባቢ፣ ለመዥገር ፈትሹ። ጫማውን እሳት ዳር አታድርቁ፤ ወረቀት ጠቅጥቃችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩት።

ከዚያ ትክክለኛውን ሰዓት ጻፉ። በስሌቱ 3 ሰዓት ከ6 ደቂቃ የነበረው መሄጃ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ከፈጀባችሁ የእናንተ ቡድን ቁጥር 1.5 ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሶ መጨመሩን ትታችሁ፣ ከስሌቱ የምታገኙትን ሰዓት በዚህ ቁጥር አባዙትና መነሻችሁን ከዚያ ቁረጡ።